ፓርቲ የማን መዋጮ ቢቀርበት ነው የሚደነግጠው?

አባቴ (አላህ ይዘንለት) ካለፈ በኋላ ሰንዱቁን ከፍተን ዕቃውን ስናወጣ፣ ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት እሽግ አገኘን። የመሬት ግብር ደረሰኞች፣ የቅሬ (የእድር) መዋጮ ካርድ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ እና አራት የማዳበሪያ ብድር ውሎች ነበሩበት። አባቴ ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ውስጥ ጤፍና ማሽላ እያረሰ ነው ያሳደገን፤ ማንበብ ባይችልም የአውራ ጣቱ አሻራ ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር። በሰኔ 1991 የተጻፈው ውል አንድ ኩንታል ዳፕና ግማሽ ኩንታል ዩሪያ መውሰዱን፣ የዋጋውን ሩብ በእጁ ከፍሎ የቀረውን ከነወለዱ ምርት ሲሰበሰብ እንደሚያገባ ይናገራል። ከግርጌው የቀበሌው ማኅተም አለ፤ ማዳበሪያውን ያመጣው ነጋዴ ማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

ያን ዓመት በደንብ አስታውሰዋለሁ። ዝናቡ ገና በነሐሴ ተቋረጠ፤ ጤፉም ፍሬ ሳይቋጥር ቀረ። ጥር ላይ ከቀበሌ ሦስት ሰዎች መጡ፤ እናቴ ቡና አቅርባላቸው ሳይቀመጡ ለአባቴ ቀን ቆርጠውለት ሄዱ። በቀጠሮው ዋዜማ አባቴ ጊደሯን ሐይቅ ገበያ ነድቶ ሸጣት፤ ሲመለስ ገመዷን ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር፤ ገመዱም ከቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ቆየ። የግንቦት 1992 ምርጫ ሲደርስ በዚያው ደጅ ቆሞ ድምፃችሁን ለእኛ ስጡ ያለን ሰው ከሦስቱ አንዱ ነበር። አባቴ «እሺ» አለው።

ትልልቆቹ የፖለቲካ ፓርቲዎች የሚያገለግሉት ተራውን መራጭ ነው ወይስ ባለ ሀብቱንና ድርጅቱን የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚታየኝ ያ ደጅ ነው። በአንድ ደጅ ላይ አበዳሪው፣ ዕዳ አስከፋዩና ድምፅ ጠያቂው አንድ ሰው ሆኖ ሲቆም፣ ከደጁ ውስጥ ያለው ገበሬ መራጭ ነው፣ ደንበኛ ነው ወይስ ባለ ዕዳ ብሎ መለየት ያስቸግራል። እኔ ለዓመታት ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ የደረስኩበት መለኪያ አንድ ነው፤ ፓርቲ የሚያገለግለው መዋጮው ቢቀርበት የሚደነግጥለትን ወገን ነው። መዋጮ ስል ገንዘቡንም፣ ድምፁንም፣ ጉልበቱንም ማለቴ ነው።

በሌላው ዓለም ያለው ክርክር በአብዛኛው ነጋዴው ወደ ፓርቲው ስለሚሄድበት መንገድ ነው። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈረንጆች 2010 ኩባንያዎችና ማኅበራት ለምርጫ ቅስቀሳ በራሳቸው የሚያወጡት ገንዘብ ሊገደብ አይገባም ብሎ ወሰነ። ከአራት ዓመት በኋላ ማርቲን ጊለንስና ቤንጃሚን ፔጅ የተባሉ ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን 1,779 የፖሊሲ ጉዳዮችን መርምረው፣ የሀብታሞችና የንግድ ቡድኖች ፍላጎት በተለየበት ቦታ የመካከለኛው ዜጋ ፍላጎት ብቻውን ውሳኔን የማስለወጥ አቅሙ ከምንም የማይቆጠር መሆኑን ጻፉ። ሌሎች ምሁራን ደግሞ በአብዛኞቹ ጉዳዮች ላይ ሀብታሙና መካከለኛው ዜጋ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ስለሆነ ድምዳሜው ተጋንኗል ሲሉ ተከራክረዋቸዋል። በሕንድ ደግሞ ማን ለየትኛው ፓርቲ እንደሰጠ ሕዝቡ ሳያውቅ ከባንክ በሚገዛ ቦንድ ለፓርቲ መስጠትን የሚፈቅድ ሥርዓት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያገኘበት ገዥው ፓርቲ ነው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2024 መራጩ የማወቅ መብት አለው ብሎ ሥርዓቱን ሽሮታል።

የእኛ ታሪክ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ነጋዴው ፓርቲውን ከመግዛቱ በፊት ፓርቲው ራሱ ነጋዴ ሆነ። በ1980ዎቹ የማዳበሪያ ገበያ ለግል ነጋዴዎች ተከፍቷል ቢባልም፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የግል አስመጪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሥራውም ከመንግሥት ድርጅቱ ጎን ከያኔው ገዥ ግንባር ከኢሕአዴግ አባል ፓርቲዎች ጋር በተቆራኙ የንግድ ኩባንያዎች እጅ ገባ። በአማራ ክልል አምባሰል፣ በትግራይ ጉና፣ በኦሮሚያ ዲንሾ፣ በደቡብ ወንዶ ነበሩ። ብድሩ በክልሉ መንግሥት በጀት ዋስትና የሚሰጥ ስለነበረ ገንዘቡን የማስመለሱ ሥራ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ሆነ። አባቴ አራቱን ውል ሲፈርም ከየትኛው ድርጅት እየገዛ እንደነበረ አላወቀም፤ እኔም ዛሬ ወረቀቱን አይቼ ልለየው አልቻልኩም። እሱ የሚያውቀው የቀበሌውን ሊቀ መንበር ብቻ ነበር። (አምባሰል የእኛው ተራራ፣ የእኛው ቅኝት ስም ነው፤ ስሙን ከሕዝብ ወስዶ የተቋቋመ ድርጅት ሒሳቡን ለዚያው ሕዝብ ማንበብ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።)

እነዚህ ኩባንያዎች በሕግ የፓርቲ ንብረት አልነበሩም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 573 ፓርቲ በንግድ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክል ነበር፤ ድርጅቶቹ ግን «ኢንዶውመንት» በሚል መልክ የክልሉ ሕዝብ ሀብት ተብለው ተመዘገቡ። ትግራይ ውስጥ ኤፈርት፣ እኛ ዘንድ ጥረት ተባሉ። የጥረት የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ በረከት ስምዖንና ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ታደሰ ካሳ በገዥው ፓርቲ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በጥር 2011 ተይዘው በጥረት ጉዳይ ተከሰሱና በ2012 የእስር ቅጣት ተፈረደባቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የሁለት ሰዎች ጥፋተኝነት ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ጊዜ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የወሎ ገበሬ የእኔ ነው ስለተባለው ሀብት ትርፉ ስንት እንደሆነና የት እንደገባ የሚጠይቅበት ስብሰባ አልተጠራለትም።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የገዥው ፓርቲ የኤ.ኤን.ሲ. የገንዘብ ምንጭ የሆነው ቻንስለር ሃውስ የተባለው ድርጅት፣ ሂታቺ በዚያ አገር ባቋቋመው ኩባንያ ውስጥ 25 በመቶ ድርሻ ነበረው፤ ኩባንያውም ከመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት ግዙፍ ውል አገኘ። ሂታቺ በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ተከሶ በፈረንጆች 2015 ጉዳዩን በ19 ሚሊዮን ዶላር ጨርሷል። ገንዘቡን የተቀበለው ፓርቲ ግን በዚያ ጉዳይ ተከሳሽ አልነበረም።

ወሎ ይህን ጥያቄ ፓርቲ የሚባል ነገር ከመምጣቱም በፊት በደንብ ታውቀዋለች። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝ ነበር። ንብረት ማለት በዚያ ዘመን ከሁሉ በፊት መሬት ነው። የባለ መሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ሕግ ረቂቁ በተደጋጋሚ ለዚህ ምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ሕጉን የሚያጸድቁት ሰዎች ሕጉ የሚነካቸው ባለ መሬቶች ነበሩና። ከዚያ የ1965 እና የ1966 ረሃብ መጣ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያን ረሃብ አጥንተው ካሳዩት ነገር ውስጥ እኔን ለማንበብ እንኳ የከበደኝ፣ የወሎ ገበሬ በሚያልቅበት ሰዓት ከወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ይጫን እንደነበረ ነው። እህሉ የሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው፤ የተራበው ሰው መግዣ አልነበረውም። ደሴ ላይ የምንኖር ሰዎች ዛሬም በየቀኑ የምናቋርጠው የአዲስ አበባ አሥመራ መንገድ ያኔም ይኸው ነበር። መግዣ የሌለው ሰው በገበያ አይሰማም፤ ድምፅ የሌለው ደግሞ በምክር ቤት አይሰማም፤ የወሎ ገበሬ በዚያ ዓመት ሁለቱም አልነበሩትም። «መሬት ለአራሹ» የተመለሰው በየካቲት 1967 በወታደር አዋጅ እንጂ በተመረጠ ምክር ቤት አይደለም።

ገበያው ፊቱን ያዞረበት ሰው ቢያንስ በድምፁ ይደመጥ ዘንድ ነው ምርጫ የሚያስፈልገው። ድምፅ ግን ቢቀር የሚያስደነግጥ ሲሆን ብቻ ነው ኃይል የሚኖረው። በ1997 ገዥው ግንባር በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ሲያጣ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት፣ የኮንዶሚኒየም ቤቶችና የወጣቶች ሥራ ፈጠራ የመንግሥት ዋና ወሬ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። እርግጥ ድንጋጤው መልካም ብቻ አላፈራም፤ ያው ፍርሃት እስርንና የተጨናነቀ የፖለቲካ ሜዳንም አምጥቷል። በ2007 ግን 547ቱም መቀመጫዎች በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ፤ በ2013ም ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ወሰደ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ሙሉ በሙሉ ቢያኮርፍ ማን ይደነግጣል?

ይህን ስል ኮምቦልቻን እያሰብኩ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የግንባታው ወጪ 90 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተነገረን፤ ደስ ብሎን ነበር፤ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። የእህቴ ልጅ ከዚያ ካሉ ፋብሪካዎች በአንዱ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። ሥራው ባይኖር ኖሮ ልክ እንደ እኩዮቿ ወደ ዓረብ አገር ነበር የምትሄደው፤ እናቷ ይህን በእያንዳንዱ ሰላት ታመሰግንበታለች፤ እኔም ፋብሪካዎቹ መዘጋት አለባቸው ከሚሉት ጋር አልስማማም። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስና ከዚያም አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከመላክ ዕድል) ስታስወጣ፣ ያለ ሥራ መቀመጥ ምን እንደሆነ ቤተሰባችን አይቶታል።

ከሁለት ዓመት በፊት የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ልጠይቃት ሄድኩ። ከሦስት እኩዮቿ ጋር የተከራየችው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ሳለ ከመታወቂያዋ ማቀፊያ ውስጥ በአራት የታጠፈ የደሞዝ ወረቀት አወጣች። በጥፍሯ አንዱን መስመር እያመለከተች «ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። የሥራ ግብር ነው፣ ለመንግሥት ይገባል አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ፋብሪካውስ ይከፍላል?» አለች። ባለ ሀብቱን ለመሳብ ሲባል ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከገቢ ግብር ነጻ እንደሚደረግ፣ ሕጉም እንዲህ ተብሎ የወጣው ሥራ እንዲፈጠር መሆኑን አስረዳኋት። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ማስረዳት ይቀናኛል። ጨርሼ ስመለከታት ወረቀቱን መልሳ እያጠፈች ነበር። «እሺ» አለች፤ የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ይህ የእሷ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ስሌት ልጨምር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ተመልክተው በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት፣ የጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ልብስ ለዓለም ገበያ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጸው ነበር። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 750 ብር ይሆናል። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው ወርሃዊ ደሞዝ 600 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ካለው 150 ብር ላይ አሥር በመቶ፣ ማለትም 15 ብር ይቆረጥ ነበር። በዓለም ዝቅተኛ የተባለው ደሞዝ ግብር ሲከፍል አሠሪው ለዓመታት ነጻ ነበር ማለት ነው። ያ የ600 ብር ወሰን ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በሐምሌ 2017 ነው፤ በመካከሉ የጤፍ፣ የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ ምን ያህል እንደወጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደሞዝ ወለልን የሚወስን የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይህ እንዲፈጸም ደጋግሞ ጠይቋል። ባለ ሀብት የሚያበረታታ ደንብ ሲሆን ከረቂቅ ወደ ሥራ የሚገባበት ፍጥነትና ሠራተኛ የሚጠብቅ አንቀጽ ሲሆን የሚወስደው ጊዜ ለምን ተራራቀ? ማንም ሰው ጉቦ ተቀብሏል ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ጉቦም ይሆናል፤ ባለ ሀብቱ ቅር ካለው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ዶላሩም አብሮት ይሄዳል፤ ባለሥልጣኑም በዚያው ሳምንት ያውቀዋል። የእህቴ ልጅ ቅር ቢላት ግን ከመንደሯ ሌላ ልጅ ትተካታለች። መሬቱም፣ የውጭ ምንዛሪውም፣ ብድሩም ለዓመታት በመንግሥት እጅ በቆየበት አገር ባለ ሀብቱ ፓርቲውን በመዋጮ መግዛት አያስፈልገውም፤ ሁለቱም በየቀኑ በአንድ ጠረጴዛ ይገናኛሉ።

በመሬቱ በኩልም ያው ነው። ለልማት ተብሎ ከይዞታው የሚነሳ ገበሬ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ካሳው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 ብዜቱ ወደ 15 ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው፣ ይመሰገናል። ይህ መሻሻል ግን ከ1997 በኋላ 14 ዓመት ፈጅቶ፣ ያውም አገር በተቃውሞ ከተናወጠ በኋላ መምጣቱን መርሳት የለብንም።

ተቃዋሚዎቹስ? ከእነሱ ብዙ ስለምጠብቅ በእነሱ ላይ ቅር ይለኛል። ለመራጩ እንቆማለን የሚሉት ፓርቲዎች እኛ ሰፈር የሚመጡት በምርጫ ሰሞን ነው፤ በወር አሥር ብር አዋጡ ብሎ ደጃችንን ያንኳኳ ግን አላየሁም። ከጥቂት ደጋፊዎች በሚመጣ ገንዘብ የሚኖር ፓርቲ፣ ደጋፊዎቹ ቅን ቢሆኑም እንኳ፣ ጆሮው ወደ እነሱ ማዘንበሉ አይቀርም።

ይህን የምለው በደሴ የአንድ ቅሬ ጸሐፊ ሆኜ ከተማርኩት ተነስቼ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የሚጻፍበት ነው። በመዝገቡ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ጅምላ ነጋዴና መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት እኩል ያዋጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድንኳናችን አርጅቶ ሲቀደድ ነጋዴው አዲሱን ድንኳን ብቻቸውን ሊገዙልን በቅን ልብ ተነሱ። ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ እኔማ ምስጋናውን በቃለ ጉባኤ ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ግን ከጥግ ሆነው፣ «አላህ ይስጥልኝ፤ ግን ድንኳኑ ከዚያ በኋላ የሐጂ ድንኳን ነው የሚባለው። በአንድ ቀን ሁለት ቀብር ቢገጥመን ድንኳኑ መጀመሪያ ወደ ማን ደጅ ይሄዳል?» አሉ። ነጋዴው ራሳቸው «እውነት ነው» አሉና ተነስተው የሽማግሌውን እጅ ጨበጡ። ሁላችንም ለአምስት ወር ተጨማሪ አዋጥተን ገዛነው። ቆሎ ሻጯ እናት ዛሬ የሒሳብ ሪፖርት ሳነብ የገመድና የካስማ ወጪ ላይ ሲደርስ ያስቆሙኛል፤ ገንዘባቸው ያለበት ስለሆነ ይጠይቃሉ፤ እኔም ገንዘባቸው ያለበት ስለሆነ ስመልስላቸው እጠነቀቃለሁ።

አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ሒሳባቸውንም አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ለቦርድ የቀረበ ሒሳብ ግን ለመራጭ እንደተነበበ ሒሳብ አይሆንም። አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ በየወሩ ከኪሳቸው የሚያዋጡት ስንት እንደሆኑ፣ ካዋጡትም ውስጥ ከደሞዛቸው ሳይጠየቁ የሚቆረጥባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ መራጩ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው የምርጫ ቅስቀሳ እጩዎች ወደ እኛ ሰፈር አዳራሽ ሲመጡ የየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ ሦስት ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ የታተመውን ፖስተር ማን ከፈለው፣ ባለፈው ዓመት ትልቁን መዋጮ የሰጣችሁ አንድ ሰው ስንት ሰጠ፣ የደሞዝ ቦርዱስ በእናንተ ዘመን በየትኛው ወር ይቋቋማል። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ለእህቴ ልጅ ለቅቄላታለሁ። ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተለዋውጣ ከኮምቦልቻ እንደምትመጣ ነግራኛለች፤ የደሞዝ ወረቀቷንም ይዛ ትመጣለች።